አቅመ ደካማ ወላጅ ለሐጅ ብቻውን አይላክ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የሐጅ ምዝገባ ወሬ በደሴ ሲነሣ በየቤቱ የሚካሄደው ምክክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ጅዳ ወይም ሪያድ በሰው ቤት ሥራ ዓመታት ያሳለፈች ልጅ «እናቴ ዓይኗ ሳይደክም ከዕባን ትይልኝ» ብላ ያጠራቀመችውን ትልካለች፤ ወንድሞች የጎደለውን ይሞላሉ፤ ገንዘቡ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ለሁለት ግን አይበቃም። ስለዚህ እናት ወይም አባት ከሰፈር ሰው ጋር «አደራ» ተብለው ይላካሉ። አደራ የተጣለበትም ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ስድሳን ያለፈ፣ ለራሱም ደጋፊ የሚያሻው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ልማዱ በቅን ልቡና የሚደረግ ቢሆንም ትክክል አይደለም ብዬ ስለማምን፣ እንዲህ ብዬ እንዳምን ያደረገኝንም ነገር ከእናቴ ጋር በሐጅ ላይ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ለመጻፍ እናቴን አስፈቅጃለሁ። በአደባባይ ሲነገርባት የምታፍርበት ነገር ስላለበት ብዙ ቀን አመንትቼ ነበር፤ እሷ ግን «ለሌላዋ እናት የሚጠቅም ከሆነ ጻፈው፣ ስሜን ብቻ አታንሣ» አለችኝ። የእኔም ስም ከደብዳቤው ግርጌ ያልሰፈረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሄድነው በ1445 ዓመተ ሒጅራ፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2016 ነው። እናቴ ያኔ 74 ዓመቷ ነበር፤ የደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷም ከተቀመጠችበት ለመነሣት ያስቸግራታል። እኛም እንደ ሌላው ቤተሰብ ከጎረቤታችን ጋር ልንልካት ቆርጠን ነበር። ሐሳባችንን ያስቀየረችን ጅዳ ያለችው እኅቴ ናት፤ «ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በመኪና ስትወርድ እንኳ እጇን ሰው ካልያዘላት የምትፈራ ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ማን ይይዝላታል?» ብላ ጠየቀችን፤ መልስ አልነበረንም። የቤታችንን ጣሪያ ለማደስ ያስቀመጥነውን ገንዘብ አውጥተን እኔም ተመዘገብሁ። እኅቴ ከመካ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ብትኖርም፣ የሐጅ ፈቃድ የሌለው ሰው በሐጅ ቀናት መካ እንዲገባ ስለማይፈቀድለት ልትደርስልን አልቻለችም። ብዙ ቤተሰብ «ልጅቱ እዚያው አለችላት» ብሎ የሚጽናናው ይህን ሳያውቅ ነው።

ከመነሣታችን በፊት በነበረው ሐሙስ ምሽት በቤታችን ወዳጃ፣ የጋራ የዱዓ ስብሰባ፣ ተደርጎ ነበር፤ ሽማግሌዎች አላህ በሰላም ወስዶ በሰላም እንዲመልሰን ዱዓ አደረጉልን፣ ጎረቤቱም እያለቀሰ ሰላምታውን ለመዲና አደረሰ። ያንን ምሽት ሳስታውስ ዛሬም ልቤ ይሞላል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ አንድም ቃል ያነሣ ሰው አልነበረም። ከተቀመጡት መካከል ሐጅ አድርገው የተመለሱ ብዙዎች ነበሩ፤ የመንገዱን ችግር መናገር ግን ዒባዳውን ማማረር ስለሚመስላቸው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከአክብሮት የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ሆኖም ከእነሱ በኋላ የሚሄደው ሰው አንዳች ሳያውቅ የሚሄደው በዚሁ ዝምታ ምክንያት ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በሰኔ ማታ ጋቢ ይደረባል። እኛ ሞቃት የምንላት ኮምቦልቻ እንኳ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። መካ ደግሞ 300 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ፣ በድንጋያማ ተራሮች ተከባ ትገኛለች። የሰው አካል ከእንዲህ ያለ ሙቀት ጋር ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ በእርጅና ላይ ያለ አካል ደግሞ ጥማቱ ራሱ ስለሚደክም ውሃ እንደጎደለው ቶሎ አያውቅም። እኛ መካ ከደረስን በአምስተኛው ቀን የሐጁ ሥራ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ችግር ያጋጠመን በማረፊያችን ነው። በአንድ ቀን የተመዘገብን እናትና ልጅ ብንሆንም የክፍል ድልድሉ የተሠራው በስም ዝርዝር ተራ በመሆኑ፣ እናቴ ከማታውቃቸው አራት ሴቶች ጋር ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተመደብን። ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የቡድናችን መሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ሰው የሚጠብቅና እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ጉድለቱ የነበረው ከምዝገባው ወረቀት ላይ ነው፤ ይህች ሴት የማን ጥገኛ እንደሆነች የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም።

ጠዋፉን፣ ማለትም ከዕባን መዞሩን፣ እንዲሁም ሰዕዩን፣ ማለትም በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል መመላለሱን፣ በተመለከተ ከእናቴ ጋር የተከራከርነው በዊልቸር ጉዳይ ነው። «በእግሬ ካልሄድሁ ምኑን ሐጅ አደረግሁት?» አለች። ሶፋና መርዋ መካከል ሰባት ጊዜ መመላለስ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋፉና ከማረፊያው የሚያደርሰው መንገድ ሲጨመርበት ለጤነኛም ሰው ቀላል አይደለም። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ ሼህ ቀረብ ብለው ስለ ኡሙ ሰላማ የተላለፈውን ነገሯት፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት የሆኑት ኡሙ ሰላማ መታመማቸውን ለነቢዩ በነገሯቸው ጊዜ፣ ከሰዎቹ ኋላ ሆነው በግልቢያ ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ነቢዩ ራሳቸውም በግመል ላይ ሆነው ጠዋፍ አድርገዋል። እናቴ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ኡሙ ሰላማ ከተቀመጡ እኔ ማን ነኝና» ብላ ተቀመጠች። በሰዕዩ መተላለፊያ መሐል ለዊልቸር የተለየ መስመር ተሠርቶለታል፤ የሚገፉ ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞችም አሉ። ይህን ንግግር ደሴ እያለን ብንነጋገረው ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ግማሹን ዑምራ በእግሯ አድርጋ ጉልበቷ ባላበጠ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሑጃጆች በድንኳን በሚያድሩባት በመካ አጠገብ ባለችው ሚና የሴቶችና የወንዶች ድንኳን የተለያየ ነው፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወንድ ልጅ ወደ እናቱ ድንኳን አይገባም፣ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤትም አይሸኛትም። እኔ ከውጭ ቆሜ ምግብ አቀብላለሁ፣ መድኃኒቷን መዋጧን እጠይቃለሁ፣ ውሃ አምጥቼ እሰጣለሁ። እሷም ትቀበለኛለች፤ በኋላ እንደተረዳሁት ግን አትጠጣውም ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ከድንኳኑ ርቆ የሚገኝ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቁጢጥ ብላ ለመነሣት ደግሞ የሰው እጅ ያስፈልጋታል፤ በማታውቃቸው ሴቶች ፊት «እጄን ያዙኝ» ማለት ሞት ሆኖባታል። ስለዚህ መፍትሔ ብላ ያገኘችው ውሃ አለመጠጣትን ነው። በዚያ ላይ የምትወስደው የግፊት ክኒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው፣ ሽንት እያበዛ ከአካል ውሃ የሚያስወጣ ነው። ክኒኑን በሰዓቱ እንድትውጥ የምነዘንዛት እኔው ነበርሁ።

የአረፋ ዕለት፣ ሑጃጆች በአረፋ ሜዳ የሚውሉበት የሐጁ ዋና ቀን፣ ሰኔ 8 ቀን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ከድንኳኑ ደጃፍ ሆኜ ስጠራት የወጣችው ተደግፋ ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል፤ ዓይኖቿ እኔን ያዩ አይመስሉም። ከዓመታት በፊት በሞተው ወንድሜ ስም ጠራችኝ። ያንን ሰዓት ለመግለጽ አልሞክርም። ደግፋ ያወጣቻት ሴት የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች፤ ከአማቷ ጋር መጥታ አጠገብ የተኛች፣ ከዚያ በፊት የማናውቃት። እሷ ባታያት ኖሮ እናቴ ተኝታለች ተብላ እስከ መግሪብ ልትቆይ ትችል ነበር። በዊልቸር አድርገን ወደ ሕክምና ጣቢያ አደረስናት፤ ሰውነቷን በውሃ አቀዘቀዙላት፣ ጉሉኮስ ተከሉላት። ሐኪሙ የምትወስደውን መድኃኒት ሲጠይቀኝ በፌስታል የያዝሁትን የክኒን ስብጥር አወጣሁለት፤ ከከፊሎቹ ላይ ስሙ ተቀዶ ነበር፣ ለምን እንደታዘዙም አላውቅም ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ማንበብና መጻፍ የማልችል ሰው አይደለሁም፤ አንዲት ወረቀት ጽፎ መያዝ ግን አላሰብሁም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስሜን ጠራች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አረፋዬ አመለጠኝ?» የሚል ነበር። ሼሁ አጽናኗት፤ በአረፋ ክልል ውስጥ መገኘት ነው ዋናው፣ ተቀምጦም ተኝቶም ይሆናል አሏት። ሆስፒታል የተኙ ሑጃጆችን የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር በየዓመቱ በአምቡላንስ ወደ አረፋ የሚያደርሳቸውም ለዚሁ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ ስታደርግ የኮምቦልቻዋ ልጅ ውሃ በብርጭቆ እያቀረበችላት «እማማ፣ ይጠጡልኝ፣ እኔ እወስድዎታለሁ፣ አብሽሩ» ትላት ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ሐጁ ፍጻሜ እናቴ ያለ ኀፍረት የጠጣችው በዚህች ልጅ እጅ ነው። እኔም በፈንታዬ አማቷን ከነእናቴ በዊልቸር እያፈራረቅሁ እገፋ ነበር። እናቴን የጠበቃት እንዲህ ያለ በአጋጣሚ የተገኘ ትብብር ነው።

በማግሥቱና በተከታዩ ቀን ሙቀቱ ይበልጥ ጨመረ፤ ሰኔ 10 ቀን በመካ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበ። በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል፤ ከመቶ 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸውና ያለ መጠለያ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ እንደነበሩ፣ ከሟቾቹም ውስጥ አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው እንደሚገኙ አብሮ ገልጿል። ይህን ቁጥር የሰማሁት ደሴ ከገባሁ በኋላ ነው። በሰማሁ ጊዜ ያሰብሁት እናቴ ፈቃድም፣ ድንኳንም፣ ልጅም ይዛ እዚያ ጠርዝ ላይ መድረሷን ነው፤ የጎደላት እጇን የሚይዝ ሴት ብቻ ነበር።

ወንድ ልጅ ለእናቱ መሕረሟ፣ ማለትም አብሯት እንዲጓዝ የሚፈቀድለት የቅርብ ዘመዷ፣ ነው፤ ደጋፊነቱ ግን ግማሽ ነው። ስለዚህ የምመክረው፣ አቅሟ የደከመ እናት የምትሄድ ከሆነ ሴት ልጇ፣ ምራቷ ወይም የእኅቷ ልጅ አብራት እንድትሄድ ነው፤ በሻፊዒ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት ዘርፍ) ሴት ለግዴታው ሐጅ ከታመኑ ሴቶች ጋር እንድትሄድ እንደሚፈቀድላት ዑለሞቻችን ያስተምራሉ። አባት ከሆነ ወንድ ልጁ ይሂድ። ቤተሰቡ ለዚህ አቅም ከሌለው ደግሞ፣ ሁለት ቤተሰቦች ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እያሉ ይተዋወቁ፤ የእኔ እናት ከእነሱ ምራት ጋር በአንድ ድንኳን፣ የእነሱ አባት ከእኔ ጋር በአንድ ድንኳን እንዲሆኑ አስቀድመው ይስማሙ። እኛ በአረፋ ላይ በጭንቅ ያደረግነውን ሌላው በእርጋታ፣ በሸዋ በር ወይም በፒያሳ ሻይ እየጠጣ ሊያደርገው ይችላል።

ምዝገባውን የሚያካሂዱት የመጅሊስ ጽሕፈት ቤቶችም ይህን ቢያስቡበት እለምናለሁ። የምዝገባው ወረቀት ላይ «ደጋፊ» የሚል አንድ መስመር ገብቶ፣ የሁለቱ ስም ከአውሮፕላኑ መቀመጫ እስከ ማረፊያ ክፍሉ፣ ከአውቶቡሱ እስከ ሚና ድንኳን ድረስ እንዳይለያይ ቢደረግ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ከጉዞው በፊት የሚሰጠው ትምህርትም የዱዓዎቹን ቃል ከማስጠናት አልፎ ሸሪዓው ለደካማ የሰጠውን ፈቃድ በግልጽ በአማርኛ ቢያብራራ መልካም ነው። ነቢዩ ከቤተሰባቸው ደካማ የሆኑትን ሑጃጆች ከአረፋ ተመልሰው ከሚያድሩባት ከሙዝደሊፋ በሌሊት አስቀድመው ልከዋል፤ ባለቤታቸው ሰውዳ፣ አካላቸው ከባድ ስለነበር፣ ከሕዝቡ ግፊያ በፊት ለመሄድ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ጠጠር መወርወር ያቃተው ሰው ሌላ ይወክላል፤ እኔ የራሴን ከወረወርሁ በኋላ የእናቴንም ወርውሬያለሁ። በሚና እስከ ዙልሒጃ ወር አሥራ ሦስተኛው ቀን መቆየት የከበደው በአሥራ ሁለተኛው ይወጣል፤ ይህ በቁርኣን የተነገረ ነው። እነዚህን የሚያውቅ ሽማግሌ በራሱ ላይ ሳይጨክን ሐጁን ይፈጽማል፤ የማያውቅ ግን ፈቃዱን መጠቀም ከምንዳ የሚያጎድል እየመሰለው ይሞታል።

ስለ ሐኪም ቤትም አንድ ነገር ልበል። ወላጆቻችንን ለማጅራት ገትርና ለቢጫ ወባ ክትባት እንወስዳቸዋለን፤ ያለ እነዚህ አይሄዱምና። ያን ቀን ግን ማንም «ይህ ክኒን በዚያ ሙቀት ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ አይጠይቅም። ለእናቴ ከተመለስን በኋላ ስጠይቅ፣ ሐኪሟ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ከጉዞው በፊት ማስተካከል ይቻል እንደነበር ነገረኝ። የስኳር ታማሚዎች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኢንሱሊን በሙቀት ኃይሉን ያጣል፤ እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች በጋለ ድንጋይ ላይ ያለ ጫማ ሲራመዱ መቃጠላቸው አይሰማቸውም። በሕክምና ጣቢያው አጠገባችን ተኝተው የነበሩ አንድ አባት የእግራቸው መዳፍ ተልጦ ሳለ «ምንም አላመመኝም» ይሉ ነበር።

ብዙ ሽማግሌዎች «እዚያ ብሞትስ ምን አለኝ፣ ከዚያ የተሻለ አፈር የት ይገኛል?» ይላሉ። እናቴም ብላኛለች። ይህ ከልብ የሚወጣ ምኞት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ሞትን የሚወስነው አላህ ነው፤ ውሃ ማቀበል የእኛ ነው። ወላጅ ሞትን አልፈራም ማለቱ ልጅ ችላ እንዲል ፈቃድ አይሆነውም። ደግሞም ደጋፊ ሆኖ የሚሄድ ሰው የራሱን ልብ ይመርምር፤ ቁርኣን ለወላጅ «ኡፍ» እንኳ እንዳይባል ያዛል፤ እኔ ግን በሦስተኛው የሚና ሌሊት፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ቀን ሆኖኝ፣ ጫማዋ ለሁለተኛ ጊዜ በጠፋባት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌባታለሁ። አንድ ልጅ ብቻውን ለዚህ ሥራ አይበቃም የምለው ከዚህም የተነሣ ነው።

ጨርሶ መጓዝ ለማይችሉትም መንገድ አለ። በስንብቱ ሐጅ ላይ ከኸሥዐም ጎሣ የሆነች ሴት ነቢዩን ስትጠይቅ፣ ሐጅ በአባቷ ላይ ግዴታ የሆነው በግልቢያ ላይ መቀመጥ የማይችሉ ሽማግሌ ሆነው ሳለ እንደሆነ ነግራ፣ «ለእሳቸው ሐጅ ላድርግላቸውን?» አለች፤ «አዎን» አሏት። በወሎ የምንከተላቸው የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች ሁለቱም፣ መዳኑ ተስፋ ለሌለው ደካማ ሌላ ሰው ሐጁን ሊፈጽምለት እንደሚችል ይቀበላሉ፤ ሻፊዒዎች ወኪል ሆኖ የሚሄደው ሰው አስቀድሞ የራሱን ሐጅ ያደረገ እንዲሆን ያስገድዳሉ። እኔ እንደማምነው፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ቤተሰብና ከአልጋ በሰው እጅ የምትነሣ እናት ካሉ፣ ወይ አንድ ዓመት ታግሦ ለሁለት ማጠራቀም፣ ወይ ዑለማ ጠይቆ በውክልና ማስፈጸም፣ ብቻዋን ከመላክ ይበልጣል። ለእናትየዋ ይህን መንገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዕባን በዓይኗ ልታይ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀች ናትና። ስለዚህ ይህ ንግግር ከልጆች አፍ ሳይሆን ከምታከብራቸው ሼህ አፍ ቢወጣ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ጉልበቷ ሳለ መላክ ነው። በእኛ ሰፈር ሐጅ የእርጅና ሥራ ተደርጎ መታየቱ ብዙ አስከፍሎናል።

በአሁኑ ጊዜ እናቴ ደኅና ናት። የጁምዓ ዕለት ለመሄድ የተመዘገቡ ሴቶች እየመጡ ይጠይቋታል፤ እኔን ከክፍሉ አስወጥታ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ትነግራቸዋለች። እኔ ደግሞ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የታዘዘበት ሕመም፣ የደም ዓይነትና የደጋፊው ስልክ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የሚሞላበት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቼ፣ የዐረብኛውን ክፍል በሰፈራችን መስጊድ የሚያስተምሩ ኡስታዝ አርመውልኝ፣ አባዝቼ እዚያው መስጊድ አስቀምጫለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋርም አንድ ቅጂ ለዝግጅት ክፍሉ ልኬአለሁ፤ ቦታ ተገኝቶለት ቢታተም አንባቢው ቆርጦ ሊጠቀምበት ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ የተገለጸ
ደሴ